ዋልካ በግራንድ ፕሬሪ

ባለፈው ዓመት የነሐሴ ወር የቤታችን ግድግዳ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ከሳሎኑ በር ጥግ ተነሥቶ እየተጣመመ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የፀጉር ያህል የነበረው በሦስተኛው ሳምንት የልጄን ጣት የሚያስገባ ሆነ። ቤቱን የገዛነው በሠላሳ ዓመት ብድር ነውና፣ ስንጥቁን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ግድግዳው ሳይሆን ገና ያልከፈልሁት ሃያ ሦስት ዓመት ነበር።

የጠራነው ጠጋኝ በትውልዱ ሜክሲኳዊ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው ነው። ግድግዳውን ለአመል ያህል ገልመጥ አድርጎ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ፤ በአካፋ አንድ ክንድ ያህል ቆፈረና ያወጣውን ጓል መዳፌ ላይ አኖረው። «ጥፋተኛው ይኸውልህ» አለኝ። ጓሉ ጥቁር ነው፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ግን ወዲያው እንደ ሊጥ ጣቶቼ ላይ ተለጠፈ። እርሱ የእንግሊዝኛ ስሙን ሊነግረኝ ሲጀምር እኔ በልቤ በሌላ ስም ጠርቼው ነበር። ዋልካ ነው።

የምንኖርባት ከተማ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል ያለች ናት፤ ስሟም «ታላቁ የሣር ሜዳ» ማለት ነው። ሜዳው ግን የለም። የቴክሳስ ጥቁር አፈር አገር ከሚባለው ሰፊ የሣር ምድር ሳይታረስና ሳይሠራበት የቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ መጀመሪያ ጥጥ በላው፣ ቀጥሎ አስፋልት። አፈሩ ግን ከአስፋልቱ ሥር እንዳለ አለ። ዝናብ ሲጠግብ ያብጣል፤ ሲጠማ ይኮማተራል፤ በላዩ የተቀመጠውን ሁሉ ያነሣዋል ይጥለዋል። በዓለም ላይ ይህን ዐይነት አፈር በብዛት ከታደሉ (ወይም ከተፈረደባቸው) አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ አላት።

ጠጋኙ ሒሳቡን ከነገረኝ በኋላ አንድ ምክር በነጻ ጨመረልኝ፦ «በጋውን ሙሉ ቤቱን አጠጣው። አበባውን አላልሁህም፤ ቤቱን። በዙሪያው ያለው አፈር መድረቅ የለበትም።» ቤት ውሃ ይጠጣል ሲባል ያልሣቅሁት የዚህን አፈር ጠባይ ቀደም ሲል ያስተማሩኝ ሰው ስለ ነበሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. አገር ቤት ሳለሁ፣ «የአየር ጠባይ ለውጥን የሚቋቋም ኑሮ» በሚል ርእስ ገበሬዎችንና ከብት አርቢዎችን ለሚያጠና አንድ ቡድን መጠይቅ አስሞላ ነበር። የመጀመሪያው ቦታ በሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ፣ የእነዋሪ ሜዳ ነው። አንባቢ ጅሩን የሚያውቀው በሰንጋው ይሆናል፤ እኔ የማውቀው በጭቃው ነው። በክረምት ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ስንዴ የዘራ ሰው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብስበታል። ስለዚህ የእነዋሪ ሰው፣ ሴቱም ልጁም ጭምር፣ በባዶ እጁ አፈሩን ከግራና ከቀኝ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ ውሃው በመካከሉ ባለው ቦይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል፣ ባጭሩ ኢልካ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። ደግ ሥራ ነው። ሐሳቡን ግን የእነዋሪ ሰዎች ከዚያ በፊት በጥፍራቸው ጽፈውት ነበር።

የማልረሳቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቃለ መጠይቁን ከመጀመራችን በፊት ማሳቸው ውስጥ ወዳለ ስንጥቅ ወሰዱኝና «ልጄ፣ እጅህን አግባ» አሉኝ። እስከ ክርኔ ገባ። «ዋልካ አፍ አለው» አሉኝ፤ «ሲጠማ ይከፍተዋል፤ ሲጠጣ ይዘጋዋል። አፉን የከፈተ ቀን አትዝራበት፤ አፉን የዘጋ ቀን አትርገጠው።» ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥንና መጠይቄን ገለጥሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «ዝናብ ሲዘገይ ዋነኛ የመቋቋሚያ ስልትዎ የትኛው ነው? አንዱን ብቻ ይምረጡ።» አንድ፣ ከብት መሸጥ። ሁለት፣ መበደር። ሦስት፣ የቀን ሥራ። አራት፣ ርዳታ። አምስት፣ ሌላ።

ሽማግሌው ጥያቄውን ሰምተው ዝም አሉ። ቀጥለውም «የየትኛውን ዓመት?» ብለው ጠየቁኝ።

ክረምቱ በጊዜው ከገባ መደብ ሠርተው ስንዴ ይዘራሉ። ከዘገየ ስንዴውን ይተዉታል፤ ውሃው ሸሽቶ አፈሩ እርጥበቱን በሆዱ ይዞ ሲቀር ምስርና ሽምብራ ይዘሩበታል። የዝናቡ አመጣጥ ካላማራቸው ከሁለት ማሳ አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ያደርጋሉ። ሁሉ ከከፋ ጓያ አለ። «ጓያ ከዋልካው ጋር ይስማማል፤ ሁሉ ሲሞት እርሱ ይበቅላል። ግን ዋጋ ያስከፍላል» አሉኝና ወደ ታች ወደ ቆላው ጫፍ ጠቆሙኝ፤ ወንድማቸው በ1977 ዓ.ም. ወራት ሙሉ ጓያ ብቻ በልቶ እግሩ ተይዞ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። ሳይንሱም ይህን ያውቃል፤ ጓያ ብቻውን ለረዥም ጊዜ ከተበላ እግር ያሽመደምዳል።

ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ እኔ በቅጹ ላይ «5» ብዬ ጻፍሁ። የቀረውን በራሴ ደብተር ጠርዝ ላይ ከተብሁት።

በዓመቱ ወደ ቦረና ሄድን፤ ሰፈራችን ከያቤሎ ወደ ደቡብ ነበር። አስተርጓሚያችን በአካባቢው የሚያስተምር ወጣት ነው። ያነጋገርኋቸው አዴ (ስማቸውን አልጽፍም) ወደ አርባ የሚጠጉ ከብቶች ነበሯቸው። በዚያ ወቅት የአካባቢው ዐዲስ ወሬ የከብት መድን ነበር። የኢልካ ወራሽ የሆነው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ በሰሜን ኬንያ የጀመረውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኦሮሚያ ኢንሹራንስ ጋር ወደ ቦረና አምጥቶት ነበር። አሠራሩ የሞተውን ላም አይቆጥርም፤ ሳተላይት ከሰማይ የምድሩን አረንጓዴነት ይለካል፣ አረንጓዴው ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ በዚያ አካባቢ ላሉ ገዢዎች ሁሉ ይከፈላል። በደረቅ ዘመን ገንዘቡ በቶሎ ከደረሰ ሰው ከብቱን በርካሽ ከመሸጥ ይድናልና፣ ሐሳቡን የማቃልል ሰው አይደለሁም።

አዴ አስተርጓሚው አብራርቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙትና «ያ ሰማይ ላይ ያለው ዐይን ሣርን ከቁጥቋጦ ይለያል?» ብለው ጠየቁ።

ቦረና ጥንት ቁጥቋጦውን በእሳት ይገራው ነበር። በደርግ ዘመን ማቃጠል ከተከለከለ በኋላ እሾሁ ሜዳውን ወረሰው። ከሩቅ ላየው አረንጓዴ ነው፤ ላም ግን አትበላውም። ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረኝም፤ ቡድኑ ወደ አረፈበት ተመልሼ ስጠይቅም ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ከዚያ ስለ ራሳቸው መድን ነገሩኝ። የሚታለቡት ላሞች፣ ዋራ፣ ከመንደሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ የማይታለቡት፣ ፎራ፣ ከጎረምሶቹ ጋር ሩቅ አገር ይሄዳሉ። ለጥጃ የሚሆን ሣር ካሎ ውስጥ ታጥሮ ይቆያል። ከብቱ ላለቀበት ሰው ወገኑ በቡሳ ጎኖፋ ሥርዐት ከየበረቱ አንዳንድ ያዋጣለታል። «እኔም ሰጥቻለሁ፤ ስለዚህ አለኝ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ይህም እየጠበበ መሆኑን ነገሩኝ፤ የፎራው መንገድ በእርሻና በአጥር ተዘግቷል፣ የክልል ድንበር የሚባል ነገር መጥቷል፣ ሁሉም ባንድ ዓመት ሲደኸይ ደግሞ ከማን ይዋጣል?

እንደገና «5» ብዬ ጻፍሁ።

አሁን የማልኮራበትን ነገር ልናገር። መረጃው ሲጠናቀር «ሌላ» ያለው ሰው በዛና ሠንጠረዡ አላምር አለ። በኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። «ሌላ» የሚለውን ከ«ምንም ስልት የሌላቸው» ጋር አንድ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ሪፖርቱ በቀለም ታትሞ ሲወጣ ሽማግሌውም አዴም ስልት አልባ ሆነው ወጡ። ብዙ መንገድ የነበራቸው ሰዎች አንድም መንገድ እንደሌላቸው ተቆጠሩ። በዚያ ሪፖርት ምክንያት የተጎዳ ሰው መኖሩን አላውቅም፤ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ ለጉዳት እንኳ አይበቁም። ቢሆንም በ2008 ዓ.ም. ወደዚህ አገር ስመጣ ከሁለቱ ሻንጣዎቼ በአንዱ ውስጥ ያ ደብተር ነበረ።

እዚህ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ቴክሳሳዊ አለ፤ ቤተሰቦቹ ከፎርት ወርዝ ወደ ምዕራብ ከብት ያረባሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በቴክሳስ በተመዘገበው እጅግ የከፋ የአንድ ዓመት ድርቅ ጊዜ ድርቆሽ ከሌላ ክፍለ አገር በጭነት መኪና እያስመጡ ቆይተው በመጨረሻ እርባታውን በግማሽ ሸጡት። የእርሱም አባት መድን አላቸው፤ የሚለካው ከብቱ ሳይሆን ዝናቡ ነው፤ አራት ማዕዘን በተከፈለ ካርታ ላይ። የአሜሪካ መንግሥት ይህን መድን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምር ቴክሳስ ከመጀመሪያዎቹ ነበረች፤ ከዐረቦኑም ከግማሽ የሚበልጠውን የሚከፍለው መንግሥት ነው። «ዝናቡ ጎረቤታችን ላይ ዘንቦ እኛን ቢዘለንስ ካርታው ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «አባቴም ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው» አለኝ። ለራሴ የቤት መድን ግድግዳውን ላስመዘግብ በሞከርሁ ጊዜ ደግሞ፣ እንደ አብዛኛው የቴክሳስ ውል፣ የአፈር እንቅስቃሴ ያደረሰው ጉዳት እንደማይሸፈን አነበብሁ። ውሉን ስፈርም አላነበብሁትም ነበር። አዴ ቢሆኑ ይጠይቁ ነበር።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ በየመንገዱ ወደቀ። አስተርጓሚውን በስልክ ያገኘሁት በዚያ መጨረሻ ላይ ነው። አዴ በሕይወት አሉ፤ ከከብቶቻቸው ሦስት፣ ከእነርሱም ሌላ ሁለት ግመሎች ቀርተዋቸዋል። «ያ ወረቀት የያዘው ልጅ ደኅና ነው ወይ? ወረቀቱስ ምን ሆነ?» ብለው መጠየቃቸውን ነገረኝ። «ታትሟል በላቸው» አልሁት። ውሸት አልነበረም።

ግድግዳው ከተሰነጠቀ ወዲህ ግን ማታ ማታ፣ ቀዳዳ ያለውን የውሃ ጎማ በቤቱ ዙሪያ ዘርግቼ አፈሩ እስኪጠጣ ስጠብቅ፣ ደብተሩን ይዤ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመርሁ። «5» ያልኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አውጥቼ የነገሩኝን እንደ ነገሩኝ እጽፋለሁ። ጠቅላላው ሠላሳ አንድ ናቸው። ሽማግሌው ማረፋቸውን ሰምቻለሁ፤ የእርሳቸውን ለልጃቸው ላክሁ። የአዴን ለአስተርጓሚው ልኬ እንዲያነብላቸው ለመንሁት።

በሳምንቱ ደወለልኝ። አዴ እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ስሕተት አግኝተዋል። እኔ ከደብተሩ በተጨማሪ በስልክ የሰማሁትን አክዬ «ከድርቁ በኋላ ሁለት ግመሎች ገዙ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«በኋላ አይደለም፣ በፊት ነው» ብለዋል። «ሁለት ወይፈን ሸጬ፣ ባሌ እየተቆጣ፣ ከድርቁ ሦስት ዓመት በፊት ነው የገዛኋቸው። ይህን አስተካክል በለው።»

አስተካክያለሁ።