ለወንድሜ

ቡታጅራ

ወንድም ዓለሜ፣

እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ገበያ መውረዷን አልተወችም።

ባለፈው በስልክ «እኔ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው የምረግጠው፤ ክለቡን ልልቀቅ» ያልከኝ ከልቤ አልወጣ አለ። ያኔ ዝም ያልኩህ ድምፅህ ደክሞ ስለሰማሁት ነው።

የብስክሌተኛውን የገረመው ደንቦባን ስም ሳትሰማ አትቀርም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በወጣችበት በሜልቦርን፣ ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ እሱ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ ለጎዳናው ውድድር ተሰለፉ። መንገዱ ወደ 188 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተነስተህ ወልቂጤን ካለፍክም በኋላ ገና ትረግጣለህ ማለት ነው። አንደኛ የወጣው ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። የቡድኑን ወርቅ የወሰደችው ግን ፈረንሳይ ናት!

እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። የሦስት ሦስት ሰው ደረጃ ይደመር ነበር። ከፈረንሳዮቹ አርኖ ዤር 2ኛ፣ ሞሪስ ሙሽሮ 8ኛ፣ ሚሼል ቬርሞላን 12ኛ ገቡ፤ ድምሩ 22። እንግሊዝ 23 አመጣች። ኢጣሊያ አሸናፊውን ይዛ በ26 ሦስተኛ ሆነች፣ ሦስተኛው ሰዋቸው 18ኛ ነበርና። ቬርሞላን ሁለት ሰው ቢቀድመው ኖሮ ወርቁ የእንግሊዞች ነበር። 12ኛ የወጣን ሰው ማን ዞሮ ያያል? እሱ ግን ወርቁን ለጓደኞቹ አስገኘ፤ በኋላም በ1959 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ቢጫውን ማሊያ ለበሰ።

የኛዎቹ በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሄደ አገር ይህ ትንሽ ነው? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በሮም ኦሎምፒክም ገረመው ተወዳደረ። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ክረምት በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ማሊያ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ደግሞ ያንተን ሥራ እኔ በገላዬ አውቀዋለሁ። በዝዋይ መንገድ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ «ጎማዬን ተጠጊ» ትለኝ ነበር። ከኋላህ ስሆን እግሬ ይቀለኛል፤ አንድ ክንድ ወደ ጎን ወጣ ካልኩ ነፋሱ ደረቴን ገፍቶ ያስቀረኛል። የቡድንህ መሪ መጨረሻ ላይ የሚፈተለክበት ጉልበት ያንተ እንደሆነ እሱም ያውቃል።

ሰውነትህ ከደከመ፣ ወይም ሌላ ሥራ ካማረህ ተው፤ ማንም አይወቅስህም። ዋጋ የለኝም ብለህ ከሆነ ግን እሺ አልልህም። ለአሠልጣኝህ መልስ ከመስጠትህ በፊት እንነጋገር። ለመስቀል ፈቃድህን አሁኑኑ ጠይቅ፤ አምና እንዳደረግከው በዋዜማው ማታ እንዳትደርስ። አባዬ ለሰንጋው ከጎረቤት ጋር ተነጋግሯል፤ እማዬም ቅቤ ማስቀመጥ ጀምራለች።

የምትወድህ እህትህ