እኅቱንም አስተምሯት

ለሕፃን የመስሚያ መሣሪያ ሲሰጥ ምክሩ ሁሉ ለእናቱ ነው። ባትሪው እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚጸዳ እሷ ትማራለች። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዙሪያ፣ ሊበን ድረስ፣ ገጠር ያደግን ሰዎች ግን እናት አረም ወይም ገበያ ስትውል ሕፃኑን ማን አዝላ እንደምትውል እናውቃለን፤ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት እኅቱ ናት። እሷን ማንም አላስተማራትም።

ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ጆሮውን ልብሷ ላይ ሲያስደግፍ መሣሪያው ያፏጫል። ድምፁ ጆሮው ውስጥ ከሚገባው ውታፍ ሾልኮ ወደ ማይክራፎኑ እየተመለሰ ነው እንጂ አልተበላሸም። ልጅቱ ግን ያበላሸችው እየመሰላት ትደነግጥና አውልቃ ትደብቀዋለች። ማታ «ልጁ አልለምድ አለ» ይባላል፤ ጥፋቱም እናትዬው ላይ ያርፋል።

ልጁ ሳይደገፍም መሣሪያው ካፏጨ ነገሩ ሌላ ነው፤ ውታፉ ጠቦት ሊሆን ይችላል። የሕፃን ጆሮ ቶሎ ስለሚያድግ በመጀመሪያው ዓመት ውታፉ በየጥቂት ወሩ፣ አንዳንዴም በየጥቂት ሳምንቱ እንደገና መሠራት አለበት። ለገጠር ቤተሰብ ይህ የመኪናና የማደሪያ ብር ነው። መሣሪያ በነፃ የሚያድሉ ሰዎች ይህን ወጪ ሳያስቡ ሲቀሩ እናደዳለሁ።

ልጁ ያገኘውን ሁሉ መጎተት ሲጀምር መሣሪያውን በአጭር ክር ከልብሱ ጀርባ ጋር አያይዙት። ከማተቡ ጋር ግን አታስሩት፤ አንገቱን ሊያንቀው ይችላል። ባትሪው የሚቆለፍ ክዳን ይኑረው። ልጁ ባትሪ ከዋጠ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጭንቅላቱን ቅቤ ስትቀቡትና ጠበል ስታስጠምቁት መሣሪያውን አውልቁለት፤ ጆሮው ሲደርቅ መልሱለት። (ቤተሰቡን «ጠበል አትሂዱ» የሚል ባለሙያ ሁለተኛ አያያቸውም።) ልጁ መሣሪያውን እንቢ ካለ አትታገሉት። ጡት ሲጠባ ወይም ቡና ተፈልቶ ሰው ሲጫወት ለጥቂት ጊዜ አድርጉለት፤ ቀስ በቀስ ይረዝማል።

የምርመራው መዘግየትም አለ። በሌላው ዓለም የሚመከረው ሕፃኑ በ1 ወሩ እንዲመረመር፣ በ3 ወሩ ችግሩ እንዲታወቅ፣ በ6 ወሩ እርዳታ እንዲጀምር ነው። እኛ ዘንድ «ወንድ ልጅ አፉን ቆይቶ ይፈታል» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። እናት በ45ኛው ቀን ለክትባት ጤና ኬላ ስትመጣ «በር ሲንኳኳ ይደነግጣል?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም፤ ምርመራን ባይተካም መንገዱን ያስጀምራል።

ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ እኅቱንም ይዛችኋት ሂዱ። መሣሪያውን በእጇ ትንካው፣ ትክፈተው፣ ትዝጋው። ጠዋት ጠዋት ሳይደረግለት በፊት በመዳፏ ጭብጥ ታድርገው፤ ካፏጨ ባትሪው ይሠራል፣ ዝም ካለ አልቆ ሊሆን ስለሚችል ይቀየር። ማንበብ ባትችልም ይህን ታደርጋለች። አዲስ ባትሪ ላይ ያለው ልጣፍ አንዴ ከተላጠ ባይሠራበትም ማለቅ ስለሚጀምር፣ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትልጣቸው ብቻ ንገሯት።