ጭስ እየዋጥን ያደግን

በ1960ዎቹ መጨረሻ ተወልደን ጋምቤላ ከተማ ያደግን ልጆች፣ የአኙዋ እንሁን የኑዌር፣ የመምህር ልጅ እንሁን የወታደር፣ ሁላችንም ሲጋራ ተልከናል። “ሂድና ሁለት ፍሬ ኒያላ ይዘህ ና” መባል “ውኃ ቅዳ” ከመባል አይለይም ነበር። ላኪው የግድ አባት መሆን አይጠበቅበትም፤ ጎረቤትም፣ የአባት ጓደኛም፣ መንገድ ላይ ያገኘን ትልቅ ሰውም ይልከናል። ባለሱቁ ዕድሜ አይጠይቅም። ከተከፈተው ፓኮ ሁለት ፍሬ መዝዞ ይሰጠናል፤ እኛም መልሱን በመዳፋችን ጨብጠን እንሮጣለን። ባዶ ፓኮ ስናገኝ ብርማውን ወረቀት ቀስ ብለን እንልጥና ካርቶኑን እንደ ገንዘብ እየቆጠርን እንጫወትበታለን። ፊደል ሳንቆጥር ኒያላን በቀለሙ እናውቀው ነበር።

ከተማዋም ለትንባሆ እንግዳ አልነበረችም። የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ለም አፈር ላይ፣ ከበቆሎው አጠገብ፣ ትንባሆ ሲበቅል እያየን ነው ያደግነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አሮጊት እናቶች ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጋያቸውን ያወጣሉ። አንገተ ረጅም ቅል ነው፤ ከላይ የሸክላ አፍ አለው፣ ከሆዱ ውኃ ይጨመርበታል። ሲስቡት ውኃው ይንተከተካል፤ ከዚያ ጎናቸው ላለችው ያቀብላሉ፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። ከደጋ የመጡ ቤተሰቦች ይህን ሲያዩ ይደነግጡ ነበር። በእነርሱ ዘንድ ትንባሆ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ነው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ያሸተተ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በታሪክ የተመዘገበ ነውና ድንጋጤው ሥር የሰደደ ነበር። እኛ በሁለቱ መካከል አደግን፦ ቤት ውስጥ ኃጢአት ነው እየተባልን፣ ጎረቤት ሄደን ግን ጋያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እያየን።

በሁለቱም ዘንድ ያልሰማነው አንድ ነገር ነበር። ጭሱ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይጎዳል ያለን አልነበረም። ጉዳቱም ኃጢአቱም የአጫሹ ብቻ ይመስለን ነበር።

ወጣት ስንሆን ጊዜው ተለወጠ። ደርግ ወደቀ፣ ጋምቤላ ክልል ሆነች፣ መጠጥ ቤትና ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ ተከፈተ። የቪዲዮ ቤቱን ነገር የዘመኔ ሰው አይረሳውም። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ በዚያ በጋምቤላ ሙቀት ላብና ጭስ አንድ ላይ ይታፈናሉ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ስክሪኑን የሚያየው በጭሱ ውስጥ ነው። ፊት ወንበር ላይ ሕፃናት ይቀመጣሉ፤ እነርሱም ገንዘብ ከፍለው ገብተዋልና ማንም አያስወጣቸውም። ወደ ጎሬና መቱ በሚወጣው አውቶቡስ ላይም ያው ነበር። ሹፌሩ ያጨሳል፣ ተሳፋሪው ያጨሳል፣ ዳገቱ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ “ብርድ ይመታናል” ተብሎ መስኮት ይዘጋል። አንዲት እናት ጨቅላዋን በነጠላዋ ሸፍና አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች እንጂ “እባክህ አጥፋው” አትልም። ማንም አይልም። ይሉኝታ አፋችንን ይይዘው ነበር፤ ትልቅ ሰው አይታዘዝም፣ ደንበኛ አይታዘዝም፣ ባለገንዘብ አይታዘዝም።

ከሁሉ በላይ ከአእምሮዬ የማይወጡት በመጠጥ ቤቶቹ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ናቸው። አንዷ አብራን የተማረች ናት። አባቷ ሲሞት ትምህርት አቋርጣ አስተናጋጅ ሆነች። በረንዳ እንኳ በሌለው ጠባብ ቤት ውስጥ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ትቆማለች፤ መተርኮሻውን ትደፋለች፣ ጠረጴዛ ታብሳለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ጠዋት መንገድ ላይ ስታገኘን ግን ፀጉሯ የሲጋራ ሽታ አለው፣ ድምጿም ይጎረናል። ያኔ ማናችንም ይህ የመብት ጉዳይ ነው አላልንም።

ጉዳዩን የመብት ጉዳይ ያደረገው ሕጉ ነው፤ ሕጉም የመጣው ዘግይቶ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ1996 ፈርማ ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በ2011 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣ። አዋጁ የመንግሥት ቢሮን ከግል ሆቴል አይለይም። ሰው በሚሠራበት ወይም ሕዝብ በሚገለገልበት ዝግ ቦታ ሁሉ፣ በሕዝብ ትራንስፖርትም ጭምር ማጨስ ከለከለ፤ ከበርና ከመስኮቱም 10 ሜትር መራቅ ግድ ሆነ። ሺሻ ተከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትንባሆ መሸጥም ተከለከለ። እኛ ሮጠን የገዛነው ያ ሲጋራ ዛሬ ለልጅ ቢሸጥ ሕግ መጣስ ነው።

ከዚህ ጀምሮ ክርክሩ መጣ። በከተማችን ካሉ ባለመጠጥ ቤቶች ሁሌ የምሰማው ቃል ይህ ነው፦ “ቤቱ የእኔ ነው፣ ግብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ። ያልተመቸው አይግባ።” ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። በባንክ ብድር ቤት የሠሩ፣ ደንበኛቸው ተነሥቶ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ የሚሰጉ ናቸው። ንብረት የማፍራት መብት በዚህ ሀገር በብዙ ዋጋ የተገኘ መሆኑንም የእኛ ትውልድ ያውቃል፤ ቤት ሲወረስ፣ ሱቅ ሲታሸግ አይተናልና። መንግሥት በሰው በር ሲገባ የምንጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን የአስተናጋጇ ሳንባ የባለቤቱ ንብረት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የመጠጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ የሚቆም መብት አይደለም። “ካልተመቻት ትልቀቅ” የሚለውን መልስ ደግሞ ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ሊለው አይገባም። ከወላይታ፣ ከደምቢ ዶሎ፣ ከመቱ እንጀራ ፍለጋ የመጣች ልጅ ለቅቃ የት ትሄዳለች? ቀጥሎ የምትገባበት ቤት ያው ጭስ አለበት። ምርጫ የሚባለው ሌላ ቤት ሲኖር ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ሀገር አቀፍ የአዋቂዎች ትንባሆ ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 አዋቂ ሰዎች ትንባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት በዝግ ቦታ ከሚሠሩት ውስጥ ከአራት አንዱ የሚበልጡት በሥራ ቦታቸው የሌላ ሰው ጭስ ይተነፍሳሉ። ጥቂቶች ያጨሳሉ፣ ብዙዎች ይተነፍሱታል። እንደ ጋምቤላ ማጨስ በበዛበት ክልል ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ በትንባሆ ከሚሞቱት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው የማያጨሱ ናቸው ይላል።

“በነፃነት ስም” የሚናገረው ማን እንደሆነም እንወቅ። በዚያው በ2008 መንግሥት ከብሔራዊ ትንባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ ለጃፓን ትንባሆ ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ2010 የኩባንያው ድርሻ ከ70 በመቶ አለፈ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ዛሬ ለሚያጨሱት ጥቂቶች ብቻ አይመስለኝም፤ ገና ላልጀመሩት ወጣቶች ጭምር ነው። በኡጋንዳም ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ የትንባሆ ሕጉ የንግድ መብቴን ይጥሳል ብሎ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተረታ። በአየርላንድም እ.ኤ.አ. በ2004 በመጠጥ ቤቶች ማጨስ ሲከለከል ቤቶቹ ሁሉ ሊዘጉ ነው ተብሎ ነበር። አልተዘጉም፤ አጫሾቹ በር ላይ ወጥተው ማጨስ ለመዱ።

ይህ ሕግ ከአጼ ዮሐንስ ትእዛዝ በእጅጉ ይለያል፤ ለዚህም ነው የምደግፈው። ያኛው ሰውዬውን ስለ ልማዱ ይቀጣ ነበር። የዛሬው ሕግ ግን ሲጋራ ማጨስን አልከለከለም፤ ውጭ ውጣና አጭስ ነው የሚለው። ማንጎው ሥር የምትቀመጥ እናት ጋያዋን ልትቀማ አይገባም፤ ጎጆዋም መጠጥ ቤት አይደለም። በዚህ አዋጅ ስም ድሀ ሴት ሰፈሯ ድረስ ሄዶ ማዋከብ ቢመጣ ቀድመን መቃወም ያለብን እኛው ነን። ቁጥጥሩ ንግድ ፈቃድ ባለው ቤት ይጀመር፤ ጥያቄውም ለባለቤቱ ይቅረብ እንጂ ለአስተናጋጇ አይሁን።

ለጋምቤላ ደግሞ ሕጉ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀላል። አዲስ አበባ ላይ ከመጠጥ ቤቱ በር 10 ሜትር የራቀ ሰው ሌላ መጠጥ ቤት በር ላይ ይደርሳል። የእኛ ግቢ ሰፊ ነው፣ ዛፉም ብዙ ነው፣ በሙቀቱ ምክንያት ሰው ውጭ መቀመጥ ይወዳል። ባየኋቸው ቤቶች ግን “ማጨስ ክልክል ነው” የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ የተለጠፈው በአማርኛ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ባለው ጠረጴዛ ላይም መተርኮሻው እንዳለ ነው። አኙዋኛና ኑዌርኛ የሚያነብ ደንበኛ በራሱ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ዛሬ የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች በብዛት የእኔው ትውልድ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የምለምነው እናንተን ነው፣ አብሮ አደጎቼ። ኢንስፔክተር እስኪመጣ አትጠብቁ። መተርኮሻውን ከጠረጴዛው አንሱ፣ ማስታወቂያውን በሦስቱም ቋንቋ ጻፉ፣ ለሚያጨስ ደንበኛ ከበሩ 10 ሜትር ርቃችሁ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጡለት። አስተናጋጃችሁ “እባክዎ ውጭ ያጭሱ” ስትል ደንበኛው ቢቆጣት ከጎኗ ቁሙ።