የቴክሳስ ቼኮች እድር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቼኮች ነው። የባንኩን ቼክ አይደለም፣ ሕዝቡን ነው።

እኛ ሐበሾች ከቼኮች ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። «ብሬን» የምንለው መትረየስ ስሙ የተገጣጠመው ብርኖ ከምትባለው የቼክ ከተማና ኤንፊልድ ከሚባለው የእንግሊዝ ቦታ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከራስ ካሣ ጦር ጋር የዘመተው አዶልፍ ፓርለሳክም ቼክ ነበር። መጽሐፉን ተጫነ ጆብሬ መኮንን «የሐበሻ ጀብዱ» ብለው ተርጉመውልን ስንቶቻችን እንደ ልብ ወለድ አነበብነው!

ባለፈው የሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ከኤርፖርት ደንበኛ ይዤ ከዳላስ በስተደቡብ ወደምትገኘው ኤኒስ ሄድኩ። ናሽናል ፖልካ ፌስቲቫል ላይ ደረስኩ። መንገዱ ተዘግቷል፣ አኮርዲዮን ይጮኻል፣ ሕፃናት ጥልፍ ልብስ ለብሰው ይሰለፋሉ። አፑን ዘግቼ ወረድኩ። ፍራፍሬ መሐሉ ላይ ያለበትን ዳቦ፣ ኮላች የሚሉትን፣ ገዛሁ። ቋሊማ ያለበትንም ኮላች ብዬ ስጠይቅ ሻጯ «እሱ ክሎባስኔክ ነው» ብላ አረመችኝ። ልክ እኛ «ይሄ እኮ ሽሮ ሳይሆን ምስር ነው» እንደምንለው።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አያቶቻቸው እቤት ውስጥ ከቼክኛ በቀር አይናገሩም ነበር አሉኝ። ወላጆቻቸው ግን ቼክኛ የሚያወሩት ልጆች እንዲሰሙ የማይፈልጉት ነገር ሲኖር ነው። እሳቸው የቀራቸው ጸሎትና ስድብ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ «ያክ ሰ ማሽ»፣ እንዴት ነህ ማለት ብቻ ያውቃል። ወገኖች፣ አማርኛ የምስጢር ቋንቋ የሆነበትን ስንት ቤት እናውቃለን? የእኔም ልጅ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ቼኮች ቴክሳስ በብዛት መግባት የጀመሩት በ1850ዎቹ ነው። ቋንቋው ከሞላ ጎደል ሄዷል። ታዲያ ከ170 ዓመት በኋላ ይህን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ያወጣው ምንድን ነው? መሐንዲስ ነበርኩና ቤት ሳይ ጭነቱን የተሸከመው የትኛው ምሰሶ ነው ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። እዚህ የተሸከመው አዳራሹና እድሩ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. ኤስፒጄኤስቲ የሚባል መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚደርስ፣ በየከተማው ቅርንጫፍና አዳራሽ ያለው። ዛሬም እየሠራ ነው። ከእድር በምን ይለያል? አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በዚያው አዳራሽ ሠርግ ይደገሳል፣ ይጨፈራል፣ ልጆችም ሥራ አላቸው።

የእኛ እድር ግን የሚያገናኘን ለቀብርና ለመዋጮ ነው። ልጆቻችን እዚያ ሲመጡ ጥግ ይዘው ስልክ ይነካካሉ፤ ምክንያቱም ማንም ሥራ አልሰጣቸውም። «አማርኛ ተናገሩ» እያልን ከምንቆጣ የቡናውን ረከቦት፣ ከበሮውን፣ የድግሱን ሒሳብ እንስጣቸው። ቋንቋ ሥራ ያለበት ቦታ ይቆያል። ባይቆይ እንኳ ልጆቹ ራሳቸው ይቆያሉ፤ ኤኒስ ያየሁት ይህን ነው።

እስቲ በያላችሁበት ከተማ እድራችሁ ለልጆች ምን ሥራ ሰጠ? ጻፉልኝ፣ ቀይ መብራት ላይ ሳይሆን ቆሜ አነባለሁ።