ወንዝ የተሻገረው ሐውልት

ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው በሽማግሌ ቢታረቁ፣ ካሣም ቢካካሱ፣ አንዱ በሌላው ለቅሶ እስካልተገኘ ድረስ እርቃቸው ገና ጐደሎ ነው። ይህ ነገር በመንግሥታትም መካከል እንደዚሁ መሆኑን ሊረዳ የሚሻ ሰው፣ በጃፓን አገር በሂሮሺማ ከተማ ያለችውን አንዲት የድንጋይ ኤሊ ሄዶ ይመልከት።

ሂሮሺማ ወንዞች የከፋፈሏት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሆንካዋና ሞቶያሱ የተባሉት ወንዞች ከሚለያዩበት ስፍራ ላይ አዮይ የሚባል ድልድይ አለ። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1945) ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የአሜሪካ አይሮፕላን የአቶሚክ ቦምብ የጣለው ይህን ድልድይ ዒላማ አድርጎ ነበር። ዛሬ በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው መሬት የሰላም መታሰቢያ መናፈሻ ሆኗል። መንገደኛው በዛፎቹ ጥላ ሥር ሲዘዋወር ከሌሎቹ የተለየ አንድ ሐውልት ያገኛል። መሠረቱ ከድንጋይ የተጠረበ ኤሊ ነው፤ በኤሊዪቱ ጀርባ ረዥም ዓምድ ቆሟል፤ በዓምዱም ራስ ላይ ዘንዶ ተቀርጿል። ይህ የኮሪያ ሥራ ነው፤ ትርጓሜውም የሙታን ነፍሳት በኤሊ ጀርባ ሆነው ወደ ሰማይ ይሄዳሉ ማለት ነው።

ኮሪያውያንን ወደ ሂሮሺማ ምን አመጣቸው ቢሉ፣ ጃፓን በ1902 ዓ.ም. ኮሪያን ከግዛቷ ቀላቅላ 35 ዓመት ገዝታት ነበር። መሬቱን ያጣው ገበሬ እንጀራ ፍለጋ ከቡሳን ወደብ ተሳፍሮ ወደ ጃፓኑ ወደብ ወደ ሺሞኖሴኪ ይሻገር ነበር፤ ይህችም ቡሳን የእኛ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በ1943 ዓ.ም. የወረዱባት ወደብ ናት። ጦርነቱ እየበረታ በሄደ ጊዜ ደግሞ ብዙዎች ለፋብሪካና ለመርከብ መሥሪያ በግዴታ ተወሰዱ። በሐውልቱ ላይ እንደ ተጻፈው፣ በቦምቡ ያለቁት ኮሪያውያን ወደ 20,000 ይጠጋሉ። ከነዚህም አንዱ በጃፓን ጦር ሌተና ኮሎኔል የነበሩት የኮሪያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ተወላጅ ልዑል ዪ ኡ ናቸው። በወንዙ ዳር ወድቀው ተገኙና በማግሥቱ ዐረፉ። በዚያች ቀን ልዑሉንና የቀን ሠራተኛውን አንድ እሳት በላቸው።

በጃፓን የሚኖሩ ኮሪያውያን ሐውልቱን ሚያዝያ 2 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲያቆሙ፣ ስፍራው ከመናፈሻው ውጭ፣ ከሆንካዋ ወንዝ ማዶ ነበረ። የከተማው ሹማምንት በመናፈሻው ውስጥ ሌላ ሐውልት አይጨመርም አሉ፤ ብዙ ኮሪያውያን ግን በሞትም ጊዜ እንደ ባዕድ ተቈጠርን ብለው አዘኑ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ አድርግ፤ ያን ጊዜ የሁለቱ መንግሥታት እርቅ በወረቀት ከተፈረመ 5 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1957 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ጃፓን ለደቡብ ኮሪያ 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን ዶላር በብድር ልትሰጥ ተስማማች፤ የካሣውም ጥያቄ በዚህ ያለቀ መሆኑ በውሉ ተጻፈ። ከገንዘቡ ከፊሉ ለፖሃንግ የብረት ፋብሪካ መሥሪያ ዋለ። በሰኔ 1962 ዓ.ም. በቡሳንና በሺሞኖሴኪ መካከል መርከብ ዳግመኛ ይመላለስ ጀመር። ንግዱ ሰመረ፤ ሐዘንተኛው ግን ብቻውን ቀረ። ከቦምቡ ተርፈው ወደ አገራቸው የተመለሱት ኮሪያውያን፣ ከጃፓን የወጣ ሰው የበሽተኛ አበል አያገኝም በሚል በ1966 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ተከለከሉ፤ በፍርድ ቤት ብዙ ተሟግተው መመሪያው የተሻረው በ1995 ዓ.ም. ነው።

መልካም ዘመን ሆኖ የተገኘው 1991 ዓ.ም. ነበር። መስከረም 28 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኦቡቺ ኬይዞ ስለ ቅኝ አገዛዙ ጸጸታቸውንና ይቅርታቸውን በጽሑፍ ገለጹ፤ የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ኪም ዴ ጁንግም ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 14 ቀን፣ 29 ዓመት በማዶ የቆየው ሐውልት ወንዙን ተሻግሮ ወደ መናፈሻው ገባ።

ይሁን እንጂ የተጠገነ ሸክላ ስንጥቁ አይጠፋም። በ1994 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫን በአንድነት ያዘጋጁት ሁለቱ አገሮች በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተቀያየሙ። የኮሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ አንድ የጃፓን ብረት ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ በግዴታ ላሠራቸው ሰዎች ካሣ እንዲከፍል ፈረደ፤ ጃፓን ነገሩ በ1957ቱ ውል አልቋል ስትል ተቃወመች። በዚያው ክረምት ጃፓን ለኮሪያ ፋብሪካዎች በሚላኩ አንዳንድ ዕቃዎች ላይ ገደብ አደረገች፤ ብዙ ኮሪያውያንም የጃፓን ዕቃ አንገዛም አሉ።

ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዩን ሶክ ዮልና ጠቅላይ ሚኒስትር ኪሺዳ ፉሚዮ ከባለቤቶቻቸው ጋር በኤሊዪቱ ፊት አበባ አኑረው በአንድነት አጐነበሱ። የሁለቱ አገሮች መሪዎች በዚያ ስፍራ አብረው ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዩን ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ተተኪያቸው ሊ ጄ ምዩንግ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ሄደው ከጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር ተነጋገሩ።

የፍርድ ቤቱ ክርክር በዚያ ስግደት አላለቀም፤ የሞቱትም አልተመለሱም። ነገር ግን ጃፓን ለ20,000ዎቹ ለቅሶ ደረሰች፤ ኮሪያም በሩን ከፈተችላት። ውሉ ከተፈረመ እስከዚያች ቀን 58 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ገንዘብ በመርከብ ፈጥኖ ይደርሳል፤ እርቅ ግን እንደዚያች ኤሊ ሸክሙን በጀርባው ይዞ በዝግታ ይሄዳል።