የሰማይ መንገድና የቤት ዝምታ

መንገድ በኪሎሜትር ይለካል፤ ወላጅ ግን የሚቈጥረው በሰዓት ነው። በጅማ መርካቶ የሚኖር አባት ልጁ ያለችበት አገር ምን ያህል እንደሚርቅ አይጠይቅም፤ «ዛሬ ብትነሣ መቼ ትደርሳለች?» ይላል እንጂ። እኛም የጂኦግራፊ መምህር በመሆናችን ይህ ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልናል።

አባቶቻችን ከሕርማታ ገበያ ቡና ጭነው ሲነሡ መንገዱን የሚቈጥሩት በአዳር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ በኋላ፣ በአገር ውስጥ ቀድሞ ከጐበኛቸው ከተሞች አንዷ ጅማ ናት። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ የመኪናው መንገድ የግቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ 350 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰማይ ግን 260 ያህል ነው፤ አይሮፕላንም በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርስበታል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ደግሞ 11,500 ኪሎሜትር ያህል ነው። አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎሜትር ቢበር ጉዞው ወደ 13 ሰዓት ይሆናል። ይሁን እንጂ መሄድና መመለስ እኩል አይደሉም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላንም ሙሉ ነዳጅ ተሸክሞ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄደው ለብዙ ዓመታት በመንገድ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። የላይኛው ሰማይ ብርቱ ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ነውና ሲሄድ ይቃወመዋል፤ ሲመለስ ይረዳዋል።

በእነርሱ በጋ ከዋሽንግተን 7 ሰዓት እንቀድማለን፤ በክረምታቸው 8 ሰዓት። በበጋ ከዚያ ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ፣ በእኛ አገር ከምሽቱ 12 ሰዓት መነሣቱ ነው፤ በማግሥቱም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። የጅማን በረራ ካገኘ በዚያው ቀን ከአባቱ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል።

ታዲያ ይህን ያህል ከቀረበ፣ ልጆቻችን ስለምን ዘግይተው ይደርሳሉ? አንድ የቡና ነጋዴ ጎረቤታችን 18 ቀን ታመው ዐረፉ። ቤተሰቡ ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው እንዳትደነግጥ አስቦ፣ በደወለች ቍጥር «ደኅና ናቸው፤ ተኝተው ነው» ይላት ነበር። ቀብር እንደ ሥርዓታችን አይዘገይምና በማግሥቱ ተፈጸመ፤ ልጅቱ የደረሰችው በሠልስቱ ነው። ከለቅሶው በኋላ ወደ እኛ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ አባባ የታመመው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችን። ቀኑን ነገርናት። በጣቷ ቈጠረችና ዝም አለች።

ቤተሰቡ ክፉ አላሰበም፤ የሠወረው በርኅራኄ ነው። መርዶን በጥበብ ማርዳት የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን መርዶ የሙት ነው፤ ሕመም ግን የሕያው ነው። ሕያውን ለማየት ጊዜ ሳለ ወሬውን መሸሸግ፣ ልጅን ከድንጋጤ አድኖ ለዕድሜ ልክ ጸጸት መስጠት ይሆናል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ በቤታችሁ ሕመም ሲጠና በሩቅ ላለው ልጅ እውነቱን በለሰለሰ ቃል ንገሩት። ትኬት መግዛት ባይችል፣ ወይም ሥራውና የመኖሪያ ወረቀቱ ባይፈቅድለት እንኳ፣ በስልክ የአባቱን ምርቃት ይቀበላል። አሥራ ሦስቱን ሰዓት አይሮፕላኑ ይችለዋል፤ አሥራ ስምንቱን ቀን ግን ማሳጠር በእኛ እጅ ነው።