የወለደች እናት ናት፦ ምትክ እናትነት፣ ሕግና መድን በጅማ ዙሪያ

ምትክ እናትነት፣ ብዙ ሰው «የማህፀን ኪራይ» የሚለው፣ የባልና ሚስት ዘር በላብራቶሪ ተዋህዶ የተገኘውን ፅንስ ሌላ ሴት አርግዛ ወልዳ የምታስረክብበት አሠራር ነው። ሕክምናው ራሱ ዛሬ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ከጅማ እዚያ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይበቃል። አስቸጋሪው ሕጉ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ በሕክምና ታግዞ መውለድን ለሕጋዊ ባልና ሚስት ብቻ ፈቅዷል። ሦስተኛ ሴት ገብታበት የሚደረግን ውል የሚያጸና ሕግ ግን የለም።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ዘሩ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ፍርድ ቤቶች የሚሠራበት የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 69/1995) ከፌዴራሉ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ፅንሱ መቶ በመቶ የባልና ሚስቱ ቢሆንም፣ በሕግ ፊት እናት የምትሆነው ያማጠችው ሴት ናት። እሷ ባለትዳር ከሆነች ደግሞ ሌላ ቋጠሮ ይጨመራል፤ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይገመታልና። በደጋፊነት የፈረመ ባል ሳያስበው አባት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

«ታዲያ ውል እንዋዋላለን» የሚሉ አይጠፉም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ አይመችም። በአንቀጽ 1716 መሠረት ጉዳዩ ሕገ ወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል ፈራሽ ነው። አንቀጽ 19 ደግሞ ሰው በአካሉ ላይ የገባውን ግዴታ በማንኛውም ጊዜ ሊሽር እንደሚችል ይናገራል፤ በቃሉ ተማምኖ ወጪ ያወጣው ወገን ሊጠይቅ የሚችለው ኪሳራውን እንጂ አካሉን አይደለም። በሌላ አነጋገር ሴትየዋ ልጁን አልሰጥም ብትል ባልና ሚስቱ የሚይዙት ቢበዛ የገንዘብ ክርክር ነው። ባልና ሚስቱ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ወይም በእርግዝናው መሃል ቢለያዩ ደግሞ ልጁን የምታሳድገው የወለደችው ሴት ናት። ስለዚህኛው አደጋ ግን ብዙም ሲወራ አይሰማም።

በዚህ የተነሳ አቋራጭ መንገድ የሚያማልላቸው አሉ፦ ያረገዘችው ሴት ጤና ጣቢያ ልጁን በምትረከበው ሚስት ስም ካርድ ታወጣለች፣ የልደት ማሳወቂያው በዚያው ስም ይጻፋል፣ ክብር መዝገቡም ያንኑ ይገለብጣል። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ጥድፊያው ይህን ያባብሰዋል። ይህ ግን ሐሰተኛ መረጃ ለመዝገብ መስጠት ስለሆነ በወንጀል ያስጠይቃል። ከዚያም በላይ ዓመታት ቆይቶ በውርስ ክርክር ይመዘዛል። የቡና መሬት ባለበት ቤት፣ አጎትና አክስት ድንበር በሚቆጥሩበት ሀገር፣ «ይህ ልጅ የእሷ አይደለም» የሚል ምስክር ማግኘት ቀላል ነው።

በጅማ ዙሪያ ከምትክ እናትነት በፊት የነበረውና ሕጉም የሚያውቀው መንገድ ጉዲፈቻ ነው። ልጅ ያጣ ቤት የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ወስዶ እንደ አብራኩ ክፋይ ማሳደጉ በኦሮሞ ዘንድ የኖረ ሥርዓት ነው፤ የሀገሪቱ ሕግም ያንኑ ይዞ በጽሑፍ ደንግጎታል። አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ግን ከሁለቱ አንዱ 25 ከሞላው ይበቃል። የወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። ስምምነቱ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም፤ ዳኛው ከፊርማው ይልቅ የሚመዝነው ለልጁ የሚበጀውን ነው። ከጸደቀ ልጁ በሁሉም ረገድ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፣ ይወርሳልም። ገና ያልተወለደ ፅንስ እንኳ የጉዲፈቻ ስምምነት ሊደረግበት ይችላል፤ ሆኖም ከወለደች በኋላ እናቲቱ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በገዛ ፈቃዷ የማፍረስ መብት አላት። የኢትዮጵያ ሕግ ለምትክ እናትነት የሚቀርበው እስከዚህ ድረስ ነው፤ እዚህም ላይ ቢሆን የመጨረሻውን ቃል ለወለደችው ሰጥቷል።

አብዛኛው የአካባቢው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ይህን ፈቅዷል። በሸሪዓ ልጅን ማሳደግ የተወደደ ምግባር ቢሆንም ልጁ የወላጅ አባቱን ስም ይዞ ይቆያል፣ ከአሳዳጊው በቀጥታ አይወርስም። አሳዳጊው ከሀብቱ እስከ ሲሶ ድረስ ሊናዘዝለት ይችላል። አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት ምትክ እናትነትን አይፈቅዱም።

ወደ መድኑ ስንመጣ ጅማ ዞን የራሱ ታሪክ አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ ሊሙ ኮሳ ነበር። አባል የሚሆነው ቤተሰብ ነው። በአባልነት ደብተሩ ላይ የአባወራው፣ የባለቤቱና የልጆቹ ስም ይሰፍራል፤ ምትክ እናት የዚያ ቤት ሰው ስላልሆነች በእነሱ ደብተር አትታከምም። በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ነጻ በመሆኑ ዋናው ወጪ ያን ያህል አያስጨንቅም። ዘርን ከማህፀን ውጭ የማዋሃድ ሕክምና ግን በማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ጭምር ከሽፋን ውጭ ከተደረጉት አንዱ ነው፣ ሙሉ ወጪው ከኪስ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በሙቀት ክፍል የሚቆይበትንም ሆነ እናቲቱ ከወሊድ በኋላ ብትታመም የምትታከምበትን ማን ይከፍላል የሚለው አስቀድሞ ካልተቆረጠ ሸክሙ እሷ ላይ ይወድቃል። ለሕይወቷ መድን ልግዛላት የሚልም በ1952ቱ የንግድ ሕግ የእሷን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

የሠራተኛ ሕጉም ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው 30 የቅድመ ወሊድና 90 የድህረ ወሊድ ቀን ፈቃድ የሚሰጠው ለወለደችው ነው፤ ሕፃኑን የተረከበችው ሴት በዚህ ስም ፈቃድ አታገኝም።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳይ እንደየአገሩ ይለያያል። ብዙዎች የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህን ውል በወንጀል ትቀጣ ነበር፣ ዛሬ ፈቅዳዋለች። እንግሊዝ እንደ ኢትዮጵያ የወለደችውን እናት ትላለች፤ ልዩነቱ ወላጅነቱን በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ሥርዓት መዘርጋቷ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ የጤና መድኖች ለምትክ እናትነት ሲሆን የወሊድ ወጪ አንሸፍንም ስለሚሉ ከመፈረም በፊት የፖሊሲው ቃል መነበብ አለበት። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው፤ ማን ወላጅ እንደሆነ የሚያስረዳው የፍርድ ቤት ውሳኔ ተረጋግጦና ተተርጉሞ በእጅ መኖር አለበት። ጅማ ውስጥ ይህን የሚተካ ወረቀት ማንም ሊጽፍ ስለማይችል፣ ሐሳቡ ያላቸው ባልና ሚስት ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት በቤተሰብ ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ያማክሩ፤ ለሴትየዋም የራሷን ጠበቃ ያቁሙላት።